መዓዛው ለቤት፣ ትኩሳቱ ለሐኪም

የረመዳን ምሽት በአሶሳ በጠረኑ ይታወቃል። ለመግሪብ አዛን ጥቂት ሲቀረው ከየግቢው የሳምቡሳና የሾርባ ሽታ ይወጣል። ቴምሩ ተቀምሶ፣ ከርከዴው ተጠጥቶ፣ ቤተሰቡ ሰግዶ ሲቀመጥ ደግሞ ተራው የፍም ነው። ጀበናው ይጣዳል፤ ዕጣኑ ይጨሳል። ከሱዳን ጋር ዝምድና ወይም ንግድ ያለው ቤት ሰንደልና ዑድ ይጨምርበታል። ለተራዊሕ የሚወጣውም ልብሱን አጥኖ ይወጣል።

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ወር መዓዛ የሚፈለገው ቤትን ለማሳመር ብቻ አይደለም። ጾሙ ራሱን ያሳመመው፣ እንቅልፍ የራቀው፣ ጉንፋን የያዘው ወይም ወገቡን የቆረጠመው ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ከመሄዱ በፊት ወደ ጓዳው ይሄዳል። ቀድሞ በጓዳው የሚያገኘው ቅጠል፣ ሙጫና ሥር ነበር። አሁን ከእነርሱ ጎን ትንንሽ ጠቆር ያሉ ጠርሙሶች ተጨምረዋል። ነጋዴዎች «ኢሴንሻል ኦይል» ይሏቸዋል፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ የመዓዛ ዘይት እንላቸዋለን። በእነርሱ መታከም ደግሞ «አሮማቴራፒ» እየተባለ በየስልኩ ቪዲዮ ይሰበካል፤ ሁለት ጠብታ ለራስ ምታት፣ ሦስት ጠብታ ለሳል፣ አንድ ማንኪያ ለሆድ።

ከዚህ ሁሉ የትኛው እውነት ነው? የትኛውስ ምኞት ብቻ? ጉዳት የሚያስከትለውስ የትኛው ነው? ዛሬ የምናየው ይህንኑ ነው። ጥያቄው ቤንሻንጉል ጉሙዝን በመሰለ ቆላማ ክልል ከፍ ያለ ክብደት አለው። እዚህ ትኩሳት ሁሉ ጉንፋን አይደለምና።

ሁለት መንገድ የተገናኙባት ከተማ

የቀርከሃና የማንጎ አገር የሆነችው አሶሳ ከሁለት አቅጣጫ የመጣ የመዓዛ ልማድ ይዛለች። አንደኛው ከምዕራብ ነው። የበርታ ሕዝብ ከሱዳን ጋር በንግድ፣ በጋብቻና በሃይማኖት የተሳሰረው ከጥንት ጀምሮ ነው። በሼክ ሆጀሌ አል ሐሰን ዘመንም ሆነ ከዚያ በኋላ ነጋዴው በኩርሙክ በኩል ሲመላለስ ኖሯል። ከሸቀጡ ጋር ሽቶና ልማድም አብሮ ተጉዟል። የሱዳን ሴቶች «ዱኻን» የሚሉት የጭስ ሙቀት በአካባቢው የታወቀ ነው። በመሬት ውስጥ በተቆፈረ ትንሽ ጉድጓድ ፍም ይደረጋል፤ መዓዛ ያለው እንጨት ይጨመርበታል፤ ሴቲቱ ብርድ ልብስ ለብሳ ላዩ ላይ ትቀመጣለች። ለሙሽራ፣ ለአራስ፣ ለመገጣጠሚያ ሕመም ይደረጋል። ሰውነት የሚታሽበት «ዲልካ» እና ሽቶው «ኹምራ» የዚሁ ልማድ ቤተሰቦች ናቸው። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም በሱዳን ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ደግሞ በኩርሙክ በኩል ብዙ ስደተኞች ወደ አሶሳ አካባቢ ገብተዋል። ሰው ከቤቱ ሲነቀል ከሚይዛቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ የቤቱ ጠረን ነው።

ሁለተኛው መንገድ ከሰሜን ይመጣል። ከ1977 ዓ.ም ድርቅ ጋር በተያያዘው ሰፈራ በርካታ ቤተሰቦች፣ ብዙዎቹ ከወሎ፣ ወደ አሶሳ ዙሪያ መጥተዋል። እነርሱም የደጋውን የጓሮ መድኃኒት እውቀት ይዘው መጡ። ዳማከሴው ለምች፣ ጤና አዳሙ ለሆድ፣ ጦስኙ ለሳል፣ ቀበርቾው ለጭስ ነው። የወሎ ሴቶች ወይባ መሞቅም አብሮ መጣ።

የሚገርመው ሁለቱ መንገዶች በአንድ ዛፍ ሥር መገናኘታቸው ነው። የወሎዋ እናት «ወይባ» የምትለውና የሱዳኗ እናት ለዱኻን ከጠልሕ ጋር የምትጨምረው «ሻፍ» የሚሉት እንጨት የዕፅዋት ተመራማሪዎች ተርሚናሊያ ብለው ከሚጠሩት ወገን ናቸው። ሁለቱ ሴቶች ቋንቋቸው ቢለያይም በአንድ ዓይነት ጭስ ይሞቃሉ። እንግዲህ አሮማቴራፒ የሚለው ቃል ለአሶሳ አዲስ ቢሆን እንጂ ነገሩ አዲስ አይደለም።

ከጭስ ወደ ጠብታ

ይሁን እንጂ በጠርሙስ የሚሸጠው ዘይት ከጓዳው ቅጠል ጋር አንድ አይደለም። ልዩነቱን ለመረዳት የፈላ ድስት ክዳን ማየት ይበቃል። እንፋሎቱ ወጥቶ ክዳኑን ሲነካ ቀዝቅዞ ላብ ይሆናል። መዓዛማ ቅጠል በእንፋሎት ሲመታም በቅጠሉ ውስጥ ያለው ተናኝ ዘይት ከእንፋሎቱ ጋር ይወጣል፤ በቀዝቃዛ ቱቦ ሲያልፍ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፤ ዘይቱም ከውሃው ላይ ይንሳፈፋል። የመዓዛ ዘይት የሚባለው ይህ ተንሳፋፊ ነው።

ጥበቡን ካሳደጉት መካከል የእስልምናው ዓለም ሊቃውንት ይገኙበታል። በ9ኛው መቶ ዘመን የኖረው አል ኪንዲ ስለ ሽቶ ቅመማና ስለ ማንጠር ከመቶ በላይ አሠራሮች የያዘ መጽሐፍ ጽፏል። ከ980 እስከ 1037 እ.ኤ.አ. የኖረው ኢብን ሲናም ከጽጌረዳ ማንጠር ጋር ስሙ ይነሳል። «አሮማቴራፒ» የሚለውን ቃል ያስተዋወቀው ግን ሬኔ ሞሪስ ጋትፎሴ የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ነው። በ1910 እ.ኤ.አ. በቤተ ሙከራ ፍንዳታ እጁ ተቃጥሎ ለቁስሉ የላቬንደር ዘይት ተጠቀመ፤ በ1937 እ.ኤ.አ. ደግሞ በዚሁ ስም መጽሐፍ አሳተመ። በአገራችንም የወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከል ጠጅ ሣርንና ሮዝመሪን በመሳሰሉ መዓዛማ ዕፅዋት ላይ ሲሠራ ቆይቷል።

ዋናው ነገር መጠኑ ነው። አንድ ኪሎ የጽጌረዳ ዘይት ለማውጣት ከሦስት ሺህ ኪሎ በላይ አበባ ያስፈልጋል። የላቬንደር ዘይት አንድ ኪሎ ለማግኘትም በመቶ ኪሎ የሚቆጠር አበባ ይሄዳል። ስለዚህ በሻይ ላይ የምንጥለው አንድ የናና ዘለላና ከጠርሙስ የሚንጠባጠበው የናና ዘይት የአንድ ተክል ልጆች ቢሆኑም አቅማቸው የሰማይና የምድር ነው። «ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለው የነጋዴ ቃል የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። በርበሬም ተፈጥሯዊ ነው፤ ዓይን ውስጥ ግን አይጨመርም።

የጾመኛ ራስ ምታት

በረመዳን የመጀመሪያ ቀናት ብዙ ሰው የሚያማርረው ራስ ምታት ነው። ከሰዓት በኋላ ይጀምራል፤ ወደ ኢፍጣር ሲቃረብ ይብሳል። ሰው ሁሉ ረሃብ ነው ይላል። አንዱ ትልቅ ምክንያት ግን የቡና ሐራራ ነው። በቀን ሦስት አራት ስኒ የለመደ አካል ቡናው ሲቋረጥበት ከመጨረሻው ስኒ በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ራስ ምታቱ ይጀምራል። በአንድና ሁለት ቀን ውስጥ ይበረታል፤ ከሳምንት በላይ ሊቆይም ይችላል። ሁለተኛው ምክንያት የውሃ ጥም ነው። በእነዚህ ዓመታት ረመዳን የሚውለው በአሶሳ ሙቀቱ በሚበረታበት በደረቁ ወራት ስለሆነ ላቡ ቀላል አይደለም።

ለዚህ መዓዛ ምን ያደርጋል? እውነቱን ለመናገር ጥቂት ይረዳል። ጀርመን ውስጥ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በተደረጉ ጥናቶች ፔፐርሚንት የተባለው የናና ዓይነት ዘይት በአልኮል ተበርዞ፣ 10 ከመቶ ሆኖ፣ ግንባርና ጆሮ ግንድ ላይ ሲቀባ የውጥረት ራስ ምታትን ማስታገሱ ታይቷል። ውጤቱ ከ1,000 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል ብዙም የራቀ አልነበረም። የሚያስታግሰው ሜንቶል የተባለው ንጥረ ነገር ቆዳ ላይ ያሉትን የቅዝቃዜ ነርቮች ስለሚቀሰቅስ ነው። የአሶሳው ጾመኛ በቀን ሊሞክረው የሚችል ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ የሚዋጥ ነገር የለውም፣ ዋጋውም ብዙ አይደለም።

ነገር ግን ዘይቱ ጥሙን አያጠጣም፤ ሐራራውንም አይቆርጠውም። የተሻለው መፍትሔ ከረመዳን በፊት በሻዕባን ወር ቡናን ቀስ በቀስ መቀነስ ነው። ወሩ ከገባ በኋላ ደግሞ ከኢፍጣር እስከ ሱሁር ውሃን በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየጊዜው መጠጣትና ከሱሁር ጋር ትንሽ ስኒ ቡና መውሰድ ይረዳል። ራስ ምታቱ ከትኩሳት፣ ከብርድ ብርድ ማለት ወይም ከማስመለስ ጋር ከመጣ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ወደዚያ እንመጣለን።

ባሕር ዛፍና ብርድ ልብስ

ጉንፋን ሲይዝ የአገራችን ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ይፈላል፤ ድስቱ መሬት ይቀመጣል፤ በሽተኛው ብርድ ልብስ ተከናንቦ ይታጠናል። በ2012 ዓ.ም ኮሮና ሲገባ ይህ ልማድ ከአዲስ አበባ እስከ ጠረፍ ከተሞች በአንድ ሌሊት የነቃ ይመስል ነበር። በአፄ ምኒልክ ዘመን ከውጭ የመጣ ዛፍ ከመቶ ዓመት በጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ የሕዝብ መድኃኒት መሆኑ በራሱ ታሪክ ነው።

መታጠኑ አፍንጫን ያለሰልሳል፤ ለጊዜው ያቀላል። ይሁን እንጂ እንፋሎት የጉንፋንን ዕድሜ እንደሚያሳጥር ጥናቶቹ አላረጋገጡም። ባሕር ዛፍና ሜንቶል ሲሸቱ አፍንጫ የተከፈተ የሚመስለውም ስሜቱ ስለሚቀዘቅዝ እንጂ መተንፈሻው በእርግጥ ስለሰፋ አይደለም። ይህ መጥፎ ነገር አይደለም፤ ለተጨነቀ ሰው ቀላል ትንፋሽ ትልቅ ነገር ነው። መጥፎው ድስቱ ነው። በእንግሊዝ በርሚንግሃም ከተማ የሕፃናት ሆስፒታል ሐኪሞች በኮሮናው ወቅት በእንፋሎት መታጠን ሳቢያ በፈላ ውሃ የተቃጠሉ ልጆች ቁጥር ከወትሮው ብዙ እጥፍ መጨመሩን ዘግበዋል። መንስኤው ቀላል ነው፤ ልጅ ብርድ ልብስ ውስጥ ይወራጫል፣ ድስቱ ይገለበጣል። ስለዚህ ልጅን ማጠን ይቅር። ትልቅ ሰውም ቢሆን የፈላውን ውሃ ከእሳት አውርዶ፣ በሰፊና በማይገለበጥ ሳህን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ ራቅ ብሎ ይታጠን።

ከቅጠሉ ይልቅ የሚያሰጋው ግን ጠርሙሱ ነው። የባሕር ዛፍ ዘይት ሲዋጥ መርዝ ነው። በተለይ በትንንሽ ልጆች ላይ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ መጠን እንኳ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለትን፣ የትንፋሽ ችግርንና መንቀጥቀጥን ሊያመጣ ይችላል። ካምፎር ያለባቸው ቅባቶችም እንዲሁ ናቸው። ልጅ ከጠጣው ለማስመለስ መታገል አያስፈልግም፤ ዘይቱ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላልና። ጠርሙሱን ይዞ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም መሮጥ ነው። በቪዲዮ የሚታየው «አንድ ማንኪያ ለሆድ» የሚለው ምክር ከቤታችን መውጣት ያለበት በዚህ ምክንያት ነው። ሜንቶል ያለበትን ዘይትም በሕፃን ፊትና አፍንጫ አጠገብ መቀባት ትንፋሹን ሊዘጋበት ይችላል።

«ምች ነው» የሚለው ቃል

አሁን ወደ ጽሑፋችን ልብ እንግባ። በአማርኛችን ምች የማይሸፍነው ሕመም የለም። ፀሐይ መታኝ፣ ራሴን አመመኝ፣ አተኮሰኝ፣ ከንፈሬ ቆሰለ ሲባል መልሱ ምች ነው ይሆናል። ዳማከሴው ይታሻል፤ ጭማቂው ይቀባል፤ ይሸተታል። በሽተኛው ላብ በላብ ሆኖ ይተኛል፤ ሲነጋም ቀለል ይለዋል። በደጋ አገር ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያ ያበቃል።

በአሶሳ፣ በመተከል፣ በካማሺ ግን ያው አካሄድ ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። ወባ በአካባቢው ጸንቶ ከሚኖርባቸው የአገራችን ክፍሎች አንዱ ይህ ክልል ነው። የወባ ትኩሳት ደግሞ ባሕርይው አሳሳች ነው፤ ያንቀጠቅጣል፣ ያተኩሳል፣ ያልባል፣ ከዚያም ለጊዜው ይለቃል። በሽተኛው በላበ ጊዜ የታጠነ ከሆነ የተሻለው በቅጠሉ ይመስለዋል። በሽታው ግን በደሙ ውስጥ ሥራውን አላቆመም። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት በተለይ በሕፃናትና በነፍሰ ጡሮች ላይ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ጽኑ ሕመም ሊለወጥ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገለጸው ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ድረስ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት ተመዝግቧል።

ስለዚህ ለዚህ አካባቢ ደንቡ አንድ ነው፤ ትኩሳት ከጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ደም መመርመር። ምርመራው ከጣት በምትወሰድ ጠብታ ደም የሚሠራ ነው፤ በጤና ኬላ ያሉ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም ይሠሩታል። መዓዛው ከምርመራው በኋላ ይድረስ፤ በሽተኛውን ማጽናናት ክልክል አይደለም። ከምርመራው በፊት የሚመጣ መዓዛ ግን ጊዜ ይበላል።

በረመዳን ይህ ድርብ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጾመኛው ትኩሳቱን በጾሙ ያሳብባል፤ መድኃኒቱንም «ጀንበር ስትጠልቅ እወስዳለሁ» ይላል። ለፋልሲፓረም ወባ የሚሰጠው ኮአርተም በሦስት ቀን በስድስት ጊዜ የሚወሰድ ነው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ከ8 ሰዓት በኋላ ነው፤ ምግብ፣ በተለይ ስብ ያለው፣ ሲጨመርበት በደንብ ይሠራል። ይህን ለአዛን ብሎ ማዘግየት አይገባም። እስልምና ለታመመ ሰው ጾሙን ትቶ በሌላ ቀን እንዲያወጣ ፈቅዶለታልና በሽተኛው በተሰጠው ፈቃድ መጠቀሙ ከሃይማኖቱ መራቅ አይደለም።

ከቅጠል እስከ ክኒን

አንዳንድ አንባቢ «ታዲያ ቅጠል ዋጋ የለውም ማለት ነው?» ሊል ይችላል። አይደለም። ከኮአርተም ንጥረ ነገሮች አንዱ መነሻው አርቴሚስያ የሚባለው ቅጠል ነው፤ የእኛው አሪቲ ቅርብ ዘመድ። ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዩዩ በ1970ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. የጥንት የሕክምና ጽሑፎችን ስታገላብጥ በ4ኛው መቶ ዘመን ጌ ሆንግ የተባለ ሰው ቅጠሉን በውሃ ዘፍዝፎ መጭመቅን እንጂ ማፍላትን እንዳልጠቀሰ አስተዋለች። ሙቀቱ ፈዋሹን ነገር ያበላሸው ይሆን ብላ ባነሰ ሙቀት በሚያወጣ ፈሳሽ ሞከረች፤ ተሳካላት። በ2015 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አገኘች።

ከታሪኩ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ አያቶች ያወረሱት እውቀት የሚናቅ አይደለም። ሁለተኛ፣ እውቀቱ መድኃኒት የሆነው መጠኑ ተለክቶ፣ ተፈትኖ፣ ከሌላ መድኃኒት ጋር ተጣምሮ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. የአርቴሚስያን ሻይ ለወባ መጠጣትን እንደማይደግፍ ያስታወቀው በዚሁ ምክንያት ነው፤ በሻዩ ያለው መጠን አይታወቅም፤ ያነሰ መጠን ደግሞ ወባውን ሳይገድል መድኃኒቱን ያስለምደዋል።

መዓዛ ከወባ ጋር የሚታገልበት ሌላ ግንባር አለ፤ እርሱም ትንኟን ማራቅ ነው። ቀበርቾ፣ ጥንጁትና ወገርት በቤት ውስጥ ሲጨሱ ትንኝ እንደሚሸሻቸው ሰዉ ያውቃል። ሎሚ ሎሚ ከሚሸተው ሽቶ ባሕር ዛፍ የሚዘጋጅ፣ ፒኤምዲ የተባለ መከላከያም በዓለም ደረጃ ተቀባይነት ያለው ነው፤ ከ3 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ግን አይመከርም። ከቅጠሉ በቀጥታ የወጣው ዘይት ግን እንደ ፒኤምዲ አይቆይም። የጠጅ ሣር ወገን የሆነው የሲትሮኔላ ዘይትም ቶሎ ይተናል፤ በአንድ ሁለት ሰዓት ኃይሉ ይደክማል። ተራዊሕ ተሰግዶ እስኪመለሱ ሊያገለግል ይችላል፤ እስከ ሱሁር ለሚተኛ ግን መጋረጃው አጎበር ነው።

ጭሱና ጾሙ

በዚህ ወር የሚነሳ ሌላ ጥያቄ አለ። መዓዛ ጾም ያፈርሳል ወይ? ብዙ ዑለማዎች ሽቶ መሽተትና ቆዳ ላይ መቀባት ጾም እንደማያፈርስ ይናገራሉ። የዕጣን ወይም የቡኹር ጭስን ሆን ብሎ ወደ ጉሮሮ መሳብ ግን ጭሱ አካል ስላለው ያፈርሳል የሚሉ በርካቶች ናቸው። በእንፋሎት መታጠንንም ውሃው ወደ ውስጥ ስለሚገባ በዚሁ የሚመድቡት አሉ። በዝርዝሩ የሊቃውንት ልዩነት ስላለ ጾመኛው የመስጊዱን ዓሊም ቢጠይቅ ይሻለዋል። ለጥንቃቄ ሲባል ማጠኑንና መታጠኑን ከኢፍጣር በኋላ ማድረግ ለጾሙም ለጤናውም ይስማማል። ዱኻን ወይም ወይባም እንዲሁ ነው። ውሃ ያልጠጣ ሰው በፍም ላይ ተቀምጦ ማላቡ ራስን እስከ መሳት ሊያደርስ ይችላል፤ ነፍሰ ጡርም ብትርቀው ይበጃታል።

ከሁሉ በላይ ፍሙን እንጠንቀቅ። በተዘጋ ቤት የሚነድ ከሰል ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ዕጣኑ መዓዛ ቢሰጠውም ጋዙን አያጠፋውም፤ እንዲያውም ያዘናጋል። በር ወይም መስኮት ይከፈት፤ ከመተኛት በፊት ፍሙ ወደ ውጭ ይውጣ። አስም ያለበት ሰውና ሕፃን ባሉበት ክፍል ጭሱ ይቀነስ።

በቤት መሞከር ለሚፈልግ

የመዓዛ ዘይትን መሞከር የሚፈልግ አንባቢ በጥቂት ደንቦች ሊጠበቅ ይችላል። ዘይቱ አይጠጣ። እንዳለም ቆዳ ላይ አይደረግ፤ በምግብ ዘይት ይበረዝ። ለዚህ ክልሉ ራሱ የሚያመርተው የሰሊጥ ዘይት ጥሩ ነው። ለአዋቂ ሰው በ30 ሚሊ ሊትር ሰሊጥ ዘይት 12 ጠብታ የመዓዛ ዘይት ሲጨመር 2 ከመቶ ያህል ይሆናል፤ ቆዳው ስስ የሆነ ሰው በ6 ጠብታ ይጀምር። ብርዙን መጀመሪያ በክንድ ውስጠኛ ክፍል ጥቂት ቀብቶ አንድ ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ካሳከከ ወይም ከቀላ ይቅር። ከሎሚ ልጣጭ የተጨመቀ ዘይት ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳን ሊያቃጥል ይችላል። ነፍሰ ጡሮች፣ የሚጥል ሕመም ያለባቸውና የዘወትር መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ሳይጠይቁ አይጀምሩ። ጠርሙሱ ልጅ ከማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ፤ በለስላሳ ጠርሙስ ገልብጦ ማስቀመጥ ደግሞ ፈጽሞ አይገባም።

ስሙና የተክሉ ዓይነት ያልተጻፈበት፣ ከሁሉም በሽታ አድናለሁ የሚል ጠርሙስ ሲያጋጥምም ብሩን ለኢፍጣር ማዋል ይሻላል።

የዛፉ ዕዳ

ስለ መዓዛ ስናወራ የመዓዛውን እናት ልንረሳት አይገባም። በመተከል ዞን፣ ጉባን በመሳሰሉ ቆላማ ወረዳዎች፣ የነጭ ዕጣን ዛፍ ይበቅላል። ሳይንሱ ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ ይለዋል። በዓለም ገበያ ከሚሸጠው ዕጣን ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ከዚህ ዝርያ እንደሚገኝ ይገመታል፤ ዛፉ የሚገኘውም በዋናነት በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሱዳን ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት በቦስዌሊያ ሙጫ ውስጥ የሚገኝ ንጥረ ነገር በአይጦች ላይ ጭንቀትን እንደሚቀንስ አሳይቷል። አይጥ ሰው አይደለም፤ ያም ሆኖ ዕጣን ሲጨስ መንፈስ የሚረጋጋው ለምን ይሆን ለሚል ሰው ፍንጭ ነው።

በ2019 እ.ኤ.አ. ኔቸር ሰስተይነቢሊቲ በተባለ መጽሔት የወጣው ጥናት ግን አሳሳቢ ነው። ከተጠኑት የዛፉ ደኖች ከሦስት አራተኛ በሚበልጡት ውስጥ ወጣት ዛፍ አልተገኘም። አሮጌዎቹ ሲሞቱ የሚተካቸው ከሌለ የዕጣን ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል ተንብየዋል። ምክንያቱ የሰደድ እሳት፣ ልቅ ግጦሽና እረፍት የሌለው መድማት ነው። ዛፉ የሚደማው በደረቁ ወራት ቅርፊቱ በጥቂቱ እየተፋቀ ነው፤ በየጥቂት ሳምንቱ ቁስሉ እየታደሰ ሙጫው ይለቀማል። እንደ ላም ነው፤ ጥጃዋን የነፈጓት ላም ወተት አትሰጥም። የመዓዛ ዘይት ንግዱ ሲደራ ፍላጎቱ የሚያርፈው በዚሁ ዛፍ ላይ ነው። ስለዚህ ዛፉን ማሳረፍ፣ ችግኙን ከእሳትና ከከብት መከለል፣ ለቃሚውም ተገቢ ዋጋ እንዲያገኝ ማድረግ የመዓዛው ጉዳይ አካል ነው።

ለማጠቃለል፣ ጓዳችን የሚያውቀውን መናቅ አይገባም፤ ከአቅሙ በላይ መጫንም አይገባም። ለደከመ አእምሮ ዕጣን፣ ለታፈነ አፍንጫ ባሕር ዛፍ፣ ለጾመኛ ግንባር ናና የየራሳቸው ሥራ አላቸው። ሥራቸው ማጽናናት ነው። ትኩሳት ግን ሌላ ነገር ይጠይቃል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ የደም ጠብታ። ይህን የሚለይ ቤት ዕጣኑንም በደስታ ያጨሳል፣ ልጁንም በጤና ያሳድጋል።

ጾማችሁን የጤናና የሰላም ያድርግላችሁ። ረመዳን ከሪም!